ስለ ጥንድ ልኬቶችና መስመሩ ስለሚተወው ቅሪት

ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአንድ ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ዘወትር 30 ይሆናሉ፤ ስለዚህም አበቅቴውን የነገሩት ሊቅ መጥቅዑን ለማግኘት ሌላ መጽሐፍ መግለጥ አያሻውም፣ ከ30 ላይ ማጉደል ብቻ ይበቃዋል። እነዚህን ሁለት ቍጥሮች፣ አንደኛውን በአግድም ሁለተኛውን በቁም እየለካን፣ በወረቀት ላይ በነጥብ ብንመለክታቸው ነጥቦቹ አንዲት ሳትቀር በአንዲት ቀጥተኛ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ይህ ግን ቀማሪዎች ያጸኑት ሥርዓት ስለ ሆነ ነው እንጂ በፍጥረቱ ዓለም እንዲህ ያለ ፍጹም ስምምነት እምብዛም አይገኝም። የአባት ቁመት የልጁን ቁመት፣ የክረምቱ ዝናም የመኸሩን ምርት፣ የአገሩ ከፍታ የአየሩን ቅዝቃዜ በብዙ ይነግረናል እንጂ አጠናቅቆ አይነግረንም። ፈጽሞ በማወቅና ፈጽሞ ባለማወቅ መካከል ባለው በዚህ ሰፊ ስፍራ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለሱበት የኖሩት መሣሪያ፣ በአንድ አስረጂ ቍጥር ሌላውን ተገማች ቍጥር በቀጥታ መስመር የሚገምተው ስሌት፣ ቀላል መስመራዊ ሪግሬሽን ይባላል።

ስለዚህ ዘዴ የሚጽፉ ብዙዎች ድካማቸውን ሁሉ መስመሩን በማውጣት ይፈጽማሉ፤ መስመሩ ከወጣ በኋላም አንድ የስምምነት መለኪያ ቍጥር አስከትለው ሐተታውን ይዘጋሉ። ዛሬ ኮምፒዩተር ይህን ሁሉ በቅጽበት ስለሚያደርገው፣ ነጥቦቹ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሣሉ ኤስፒኤስኤስ ከተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የተቀዳ ሠንጠረዥ ብቻ የተለጠፈበትን የመመረቂያ ጽሑፍ ማግኘት ብርቅ አይደለም። በእኔ አሳብ ግን መስመሩን ማውጣት የሥራው እኩሌታ እንኳ አይሆንም፤ የሚበልጠው ዕውቀት መስመሩ ሊደርስበት ባልቻለው ቅሪት ውስጥ ተሰውሮ ይኖራልና።

አስቀድሞ ጥንድ ልኬት ምን እንደ ሆነ መወሰን ይገባል። ሁለት ረድፍ ቍጥሮች ጎን ለጎን ስለ ተጻፉ ብቻ ጥንድ አይሆኑም፤ ጥንድ የሚያሰኛቸው እያንዳንዱ የግራ ቍጥር ከቀኝ ጓደኛው ጋር ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ቀን ወይም ከአንድ ቦታ በአንድነት የተወሰደ መሆኑ ነው። የቀኙን ረድፍ ከላይ እስከ ታች ብናደባልቀው የየረድፉ አማካይም ሆነ ልይይት አንዳች አይለወጥም፤ ስለ ዝምድናቸው የነበረን ምስክርነት ግን ሁሉ ይጠፋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ የትኛው ረድፍ አስረጂ፣ የትኛው ተገማች ይሁን የሚለው ነው፤ ይህ ምርጫ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፣ እንዳልሆነ ግን ወደ ፍራንሲስ ጋልተን የቁመት ጥናት ስንደርስ ይታያል።

ለምሳሌ የመረጥሁት ስኮትላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ዴቪድ ፎርብስ በ1857 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኤዲንበርግ ያሳተመውን ጥናት ነው። በዚያ ዘመን የተራራን ከፍታ ማወቅ የሚሻ ሰው የአየሩን ግፊት የሚለካ ባሮሜትር ተሸክሞ መውጣት ነበረበት፤ ባሮሜትር ደግሞ ባዜቃ የተሞላ ረዥም የብርጭቆ ቱቦ እንደ መሆኑ መጠን በገደል መንገድ ሳይሰበር መድረሱ አጠራጣሪ ነበር። ነገር ግን ውኃ ከፍ ባለ ቦታ ዝቅ ባለ ሙቀት እንደሚፈላ ከታወቀ ቈይቶ ስለ ነበር፣ ከመፍያው ሙቀት ተነሥቶ ግፊቱን መገመት ከተቻለ መንገደኛው አንዲት ትንሽ ቴርሞሜትርና ውኃ የሚያፈላባት ዕቃ ብቻ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በዚያው መቶ ዓመት ደጋውን አገራችንን የዞረው አንትዋን ዳባዲም ከፍታን ከለካባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ፎርብስ እንግዲህ በአልፕስ ተራሮችና በስኮትላንድ የተወሰዱ 17 ጥንድ ልኬቶችን ሰበሰበ፤ በየቦታው ውኃው የፈላበትን ሙቀት በፋራናይት፣ የባዜቃውን ዓምድ ቁመት በኢንች ጻፈ። ዝቅተኛው ሙቀት 194.3፣ ከፍተኛው 212.2 ዲግሪ ነበረ፤ ግፊቱም ከ20.79 እስከ 30.06 ኢንች ደረሰ።

እነዚህን 17 ነጥቦች በወረቀት ላይ ያየ ሁሉ በመካከላቸው ማስመሪያ ሊያሳርፍ ይፈተናል፤ ነገር ግን የአንዱ ሰው እጅ ከሌላው ይለያልና የሁሉ ዳኛ የሚሆን ሕግ ያስፈልጋል። ሕጉ የተገኘው ከሰማይ ጥናት ነው። በጥር 1 ቀን 1801 የሰማይ ተመልካቹ ፒያሲ በፓሌርሞ ያገኘው ሴሬስ የተባለው ትንሽ ፈለክ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በፀሐይ ብርሃን ተሰውሮ ሲጠፋ፣ የ24 ዓመቱ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ ከጥቂት ምልከታዎች ተነሥቶ መንገዱን አሰላ፤ ፈለኩም በዚያው ዓመት መጨረሻ እርሱ ካመለከተው ስፍራ አጠገብ ተገኘ። እርስ በርሳቸው በጥቂቱ የሚጣሉ ብዙ ምልከታዎችን እንዴት ወደ አንድ ፍርድ ማምጣት እንደሚቻል በጽሑፍ መጀመሪያ የገለጸው ግን ፈረንሳዊው ሌዣንድር ነው፤ በ1805 ስለ ጅራታም ኮከቦች መንገድ ባሳተመው መጽሐፍ የስሕተቶች ካሬ ድምር ከሁሉ ያነሰ የሚሆንበት ዘዴ ይመረጥ ብሎ አስተማረ። ጋውስ በ1809 ከ1795 ጀምሮ ስሠራበት ኖሬአለሁ ብሎ ሲጽፍ ሌዣንድር እጅግ ተቈጣ፤ የሁለቱ ክርክር ለታሪክ ጸሓፊዎች መልካም ሲሳይ ቢሆንም ዘዴውን አይጨምርለትም አይቀንስበትም።

ካሬ ለምን ተፈለገ? እያንዳንዱ ነጥብ ከመስመሩ በላይ ወይም በታች የሚርቅበትን ርቀት እንዲያው ብንደምረው፣ በላይና በታች ያሉት ይጣፋሉ፤ በሁለቱ አማካዮች መገናኛ ላይ የሚያልፍ ማናቸውም መስመር፣ ምንም ያህል የተንጋደደ ቢሆን፣ ድምሩን ባዶ ያደርገዋል። ምልክቱን ትቶ ርቀቱን ብቻ መደመር ይቻላል፤ ከሌዣንድር በፊት በ1757 ቦስኮቪች ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ ነገር ግን ለእጅ ስሌት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ካሬ ማድረግ ግን ምልክቱን ያጠፋል፣ ስሌቱንም በአንድ መንገድ ብቻ የሚፈታ ቀላል ያደርገዋል። ዋጋው በኋላ ይከፈላል፤ 2 የራቀው ነጥብ 4፣ 10 የራቀው 100 ሆኖ ስለሚቈጠር አንድ የተሳሳተ ልኬት መላውን ጉባኤ ወደ ራሱ ሊጐትት ይችላል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የፎርብስ ሙቀቶች አማካይ 202.95፣ የግፊቶቹ አማካይ 25.06 ነው። እያንዳንዱ ሙቀት ከአማካዩ የራቀበትን ካሬ አድርገን ስንደምር 530.8 ይሆናል፤ እያንዳንዱን የሙቀት ርቀት በጓደኛው የግፊት ርቀት አባዝተን ስንደምር ደግሞ 277.5 እናገኛለን። ሁለተኛውን ለፊተኛው ብናካፍለው 0.523 ይወጣል፤ ይህ የመስመሩ ተዳፋት ነው፣ ይኸውም ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር ግፊቱ በአማካይ በ0.523 ኢንች ይጨምራል ማለት ነው። መስመሩ በአማካዮቹ መገናኛ ላይ እንዲያልፍ ግድ ስለ ሆነ፣ መነሻው ከ25.06 ላይ 0.523 በ202.95 ተባዝቶ ሲጐድል፣ ከባዶ በታች 81.06 ሆኖ ይገኛል።

በዚህ መነሻ ቍጥር ላይ ጥቂት መቈም ያስፈልጋል። ቃል በቃል ብናነበው ውኃ በባዶ ፋራናይት በሚፈላበት ቦታ የአየሩ ግፊት ከባዶ በታች 81 ኢንች ነው ያሰኛል፤ እንዲህ ያለ ቦታ በምድርም በሰማይም የለም። መነሻው መስመሩን ለመትከል የሚያገለግል ችካል ነው እንጂ ሁልጊዜ ትርጓሜ ያለው ልኬት አይደለም። መስመሩ ልኬቶቹ በተወሰዱበት ዳርቻ ውስጥ ምን ያህል እንደሚታመን ለማየት ግን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በፋራናይት በ198 ገደማ ነው፤ ሽሮውና ባቄላው ከቆላ ይልቅ በደጋ ብዙ እሳት የሚፈጀው በዚሁ ምክንያት ነው። በአልፕስና በስኮትላንድ ልኬት የተሠራው መስመር ለ198 ዲግሪ 22.5 ኢንች ግፊት ይሰጣል፤ የአዲስ አበባ የአየር ግፊትም በእርግጥ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ወደ ኤቨረስት ጫፍ ብንወጣ ግን፣ ውኃ በ160 ፋራናይት አካባቢ በሚፈላበት፣ መስመሩ ከ3 ኢንች ያነሰ ግፊት ይተነብያል፤ እውነተኛው ግን 10 ያህል ነው። ከ155 ዲግሪ በታችማ ግፊቱን ከባዶ በታች ያወርደዋል።

ይህ ውድቀት ወደ ኤቨረስት ሳይወጡ በፎርብስ ወረቀት ላይ ሊታወቅ ይችል ነበር፤ ቅሪቶቹ ይናገሩ ነበርና። የስምምነቱ መለኪያ፣ ይኸውም ከግፊቱ ልይይት መስመሩ ያስረዳው ድርሻ፣ 0.994 ነው፤ ከመቶ 99.4 እጅ ተብራርቶአል ተብሎ የሚያኰራ ቍጥር ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ልኬት ከግምቱ የራቀበትን ለብቻው አውጥተን ከሙቀቱ አንጻር ስንሥለው፣ በሁለቱ ዳርቻዎች ያሉት በአብዛኛው ከመስመሩ በላይ፣ በመካከል ያሉት በአብዛኛው በታች ሆነው ይታያሉ። በ194.3 ዲግሪ ልኬቱ ከግምቱ በ0.26 ኢንች ይበልጣል፣ በ201.3 በ0.2 ያህል ያንሳል፣ በ212.2 እንደ ገና በ0.17 ይበልጣል። መስመሩ ሥራውን ፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ቅሪቱ ያለ ሥርዓት በተበተነ ነበር፤ እዚህ ግን ሥርዓት አለው፣ ጎባጣ ነገር በቀጥታ መስመር መለካቱን ይመሰክራል። ፎርብስ ራሱ ስለ እንፋሎት ካለው ዕውቀት ተነሥቶ ግፊቱን በሎጋሪዝም ለውጦ ይሠራ ነበር፤ እንዲህ ሲደረግ ጉብጠቱ ይጠፋል፣ መስመሩም እስከ ኤቨረስት ቢዘረጋ ከ10 ኢንች ጥቂት የሚበልጥ ግምት ይሰጣል። ሎጋሪዝሙ የተፈጥሮን ሕግ አቅርቦ ስለ ነካ ከልኬቱ ዳርቻ ውጭም ጸና፤ የመጀመሪያው መስመር ግን 0.994 ቢመዘንም ከዳርቻው ውጭ ሐሰተኛ ነቢይ ሆነ።

የመለኪያ ቍጥር ብቻውን እንደማይታመን በ1973 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ አንስኮም በአጭር ጽሑፍ አሳይቶአል። እያንዳንዳቸው 11 ጥንድ ያላቸውን አራት ስብስቦች አዘጋጀ፤ በአራቱም የአስረጂው አማካይ 9፣ የተገማቹ 7.5፣ መነሻው 3፣ ተዳፋቱ 0.5 ነው፣ የስምምነቱም መለኪያ አንድ ነው። ሲሣሉ ግን አንደኛው ተራ የነጥቦች ደመና፣ ሁለተኛው ጥርት ያለ ጎባጣ፣ ሦስተኛው አንድ ነጥብ ያጣመመው ቀጥታ መስመር፣ አራተኛው ደግሞ ተዳፋቱ በሙሉ በአንዲት ብቸኛ ነጥብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሠንጠረዡን ብቻ የሚያነብ ሰው አራቱን ሊለያቸው አይችልም።

የትኛው አስረጂ ይሁን ወደሚለው፣ በእኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ ብዙዎችን ወደሚያስተው ጉዳይ እንመለስ። ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 ባሳተመው ጥናት የ205 ባልና ሚስትን ቁመት ለአካለ መጠን ከደረሱ 928 ልጆቻቸው ቁመት ጋር አስተያየ፤ የሴቶቹን ቁመት ሁሉ በ1.08 እያባዛ ከወንዶቹ ጋር አስተካከለ፣ የአባትና የእናትንም አማካይ እንደ አንድ ወላጅ ወሰደ። ወላጆቹ ከሕዝቡ አማካይ በ3 ኢንች ቢበልጡ ልጆቻቸው በአማካይ በ2 ኢንች ብቻ በልጠው ተገኙ፤ አጫጭሮቹም ወላጆች እንደዚሁ ከራሳቸው ይልቅ ወደ አማካዩ የቀረቡ ልጆች ወለዱ። ጋልተን ይህን የቀደሙ አያቶች ኀይል ልጁን ወደ ዘሩ መካከለኛ መጠን ይስበዋል ብሎ ተረጐመው። ነገር ግን ስሌቱን አገላብጦ ከልጆቹ ወደ ወላጆች ሲሄድ፣ እጅግ ረዣዥም የሆኑ ልጆች ወላጆችም ከልጆቻቸው ይልቅ ለአማካዩ የቀረቡ መሆናቸውን አገኘ፤ ተዳፋቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ሁለት ሲሶ ሲሆን ከልጅ ወደ ወላጅ አንድ ሲሶ ነበረ። ልጅ ወላጁን ወደ ኋላ ሊስበው እንደማይችል የታወቀ ነው። እንግዲህ ይህ መመለስ ሁለት ነገሮች በተዛመዱ ጊዜ፣ ዝምድናቸው ግን ፍጹም ባልሆነ ጊዜ፣ በወዲህም በወዲያም አቅጣጫ የሚታይ የቍጥር ባሕርይ ነው። አንድ ስብስብ ሁለት መስመሮች እንዳሉት፣ አንደኛውንም ገልብጦ ለሁለተኛው ሥራ መጠቀም ስሕተት እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ይህን ያልተገነዘቡ ትልልቅ ሰዎች ተሰናክለውበታል። በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆሬስ ሴክሪስት በ1933 ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከሁሉ ያተረፉ የንግድ ድርጅቶች በየዓመቱ ወደ መካከለኛው እየወረዱ፣ የከሰሩትም እየወጡ መምጣታቸውን በብዙ ሠንጠረዥ አሳይቶ፣ በንግድ ዓለም መካከለኛነት ድል እያደረገ ነው ብሎ ደመደመ። የሒሳብ ሊቁ ሃሮልድ ሆተሊንግ ግን መጽሐፉን ሲመረምር፣ ድርጅቶቹ በመጀመሪያው ዓመት ፈንታ በመጨረሻው ዓመት ትርፋቸው ቢመደቡ ኖሮ ያው ሠንጠረዥ የተገላቢጦሹን፣ ከመካከለኛው እየተለያዩ መሄዳቸውን፣ እንደሚያሳይ ገለጸ። የዓመታት ድካም በአንድ የአመዳደብ ምርጫ ላይ ቆሞ ነበር። በፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡትን ብቻ መርጦ ልዩ ትምህርት ሰጥቶ፣ በሁለተኛው ፈተና ከፍ ማለታቸውን የትምህርቱ ፍሬ ነው ብሎ የሚያቀርብ ሪፖርትም የዚያው የሴክሪስት ወንድም ነው፤ ያለ ትምህርቱም የሚበዙት ከፍ ባሉ ነበርና።

ከዚህ የሚጐራበት ሌላ ወጥመድ ጥንዶቹ በዓመታት ተራ የተሰበሰቡ ሲሆኑ ይገኛል። የስታቲስቲክስ ሊቁ አድኒ ዩል በ1926 እንዳሳየው፣ ከ1866 እስከ 1911 ባለው ዘመን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተፈጸመው ጋብቻ ከጠቅላላው ጋብቻ ያለው ድርሻና በእንግሊዝና በዌልስ የሞት መጠን 0.95 ተዛምዶ ነበራቸው። በቤተ ክርስቲያን መጋባት ሰውን ይገድላል የሚል ስላልተገኘ ነገሩ ሳቅ ሆኖ አለፈ፤ ሁለቱም በየራሳቸው ምክንያት በዘመኑ ሁሉ እየቀነሱ ሄደው ነበር። አስቸጋሪው ግን ዩል ያልመረጣቸው ጥንዶች ናቸው፤ ሁለቱ ነገሮች እርስ በርስ የሚመስሉ፣ ለምሳሌ የአንድ አገር የመንገድ ርዝመትና የትምህርት ቤት ቍጥር በሆኑ ጊዜ፣ ያው ከንቱ ተዛምዶ ማስረጃ መስሎ ያልፋል።

የቀረው ጉዳይ የግምቱ እርግጠኝነት ነው፤ እርሱም ከቅሪት የሚወጣ ነው። የፎርብስን ቅሪቶች ካሬ ደምረን ለ15 (ከ17ቱ ሁለቱ ለመነሻውና ለተዳፋቱ ስለ ወጡ) አካፍለን ሥሩን ብናወጣ 0.233 ኢንች እናገኛለን። ከዚህ በመነሣት በ198 ዲግሪ ያለው አማካይ ግፊት ከ0.16 ኢንች በማይበልጥ ስሕተት ይታወቃል ማለት ይቻላል፤ አንድ መንገደኛ ዛሬ አፍልቶ ለሚያነበው ለአንዱ ልኬት ግን ዳርቻው ወደ 0.5 ኢንች ይሰፋል፣ ይህም በከፍታ ሲመነዘር 180 ሜትር ያህል ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ጠባቡን የአማካይ ዳርቻ አትመው ሰፊውን የአንዱን ሰው ዳርቻ እንደሚተዉት ልብ ይሏል።

ይህ ስፋት ራሱ በከፊል የአንድ ጥንድ ሥራ ነው። በተለመደው ሠንጠረዥ 12ኛ የተጻፈው፣ 204.6 ዲግሪና 26.57 ኢንች ያለው ልኬት ከመስመሩ በ0.65 ኢንች ይርቃል፤ ከቅሪቶቹ የካሬ ድምር ከግማሽ በላዩን ለብቻው ይይዛል። ሎጋሪዝሙ የሌሎቹን ጉብጠት ሲያቃና እርሱን ግን እንደ ነበረ ተወው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ከንባቡ ወይም ከጽሕፈቱ እንደ ሆነ ይገመታል፣ ፎርብስ ራሱም ስሕተት መሆኑን ጠቍሞአል። ቢወጣ ተዳፋቱ እምብዛም አይለወጥም፣ ምክንያቱም የቆመው ከሙቀቱ አማካይ አጠገብ ነው፤ የግምቱ ዳርቻ ግን ሲሶ ያህል ይጠባል። ሳይናገሩ አውጥቶ ጠባቡን ዳርቻ ማቅረብ አንባቢን ማሳሳት ነው፤ ሳይመረምሩ አስቀርቶ ሰፊውን ማቅረብም እንዲሁ ግዴለሽነት ነው። ሁለቱም ስሌቶች ጎን ለጎን ይታተሙ፣ ጥንዱም ለምን እንደ ተጠረጠረ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ መንገደኛው 180 ሜትሩን ይዞ ይውጣ ወይስ የጠበበውን 130 ሜትር፣ በየትኛው ስሌት እንደሚታመን ራሱ ይወስናል።